ሁለት ጫፍ በአንድ ጉዞ፦ ከአይላንድ ፒክ ጋር ሜራ ይሻላል ወይስ ሎቡቼ?

በሂማላያ «ሁለት ተራራ በአንድ ጉዞ» ብለው የሚሸጡ ድርጅቶች ማስታወቂያቸው ላይ የሁለቱን ጫፎች ፎቶ ጎን ለጎን ይለጥፋሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርሰውን መንገድ ግን በአንድ መስመር ያልፉታል። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ደጋግመው ማንበብ ያለብዎት ያችን መስመር ነው።

ኔፓል ውስጥ፣ በኤቨረስት አካባቢ፣ ልምዳቸው መጠነኛ ለሆነ ሰዎች በብዛት የሚሸጡት ጥምሮች ሁለት ናቸው። አንዱ ሜራ (6,476 ሜትር) ከአይላንድ ፒክ (6,189 ሜትር) ጋር፤ ሌላው ሎቡቼ ምሥራቅ (6,119 ሜትር) ከዚያው ከአይላንድ ፒክ ጋር። አይላንድ ፒክ ይፋዊ ስሙ ኢምጃ ትሴ ነው፤ ከዲንግቦቼ መንደር በኩል ሲያዩት በበረዶ ባሕር መካከል የቆመ ደሴት ስለሚመስል እንግሊዞች ያወጡለት ስም እስከ ዛሬ አለቀቀውም። ሦስተኛ ጥምር አለ፣ ኤቨረስትና ሎትሴ። እሱ ግን ሌላ ዓለም ነው፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ሁለት ተራራ አንድ ላይ መግዛት ትርጉም የሚኖረው በአንድ ምክንያት ነው። ሰውነት ስስ አየር የሚለምደው ቀስ በቀስ ነው። ለመጀመሪያው ተራራ ሁለት ሳምንት ያህል የከፈሉትን የትዕግሥት ዋጋ ለሁለተኛው ድጋሚ አይከፍሉም። ወደ ቤት ተመልሰው በዓመቱ ቢመጡ ግን እንደገና ከሀ ነው የሚጀምሩት። ስለዚህ ጥሩ ጥምር የምለው የመጀመሪያው ተራራ ለሁለተኛው የሚያዘጋጅበትን፣ በመካከል ደግሞ ያጠራቀሙትን ጉልበት የሚበላ ነገር የሌለበትን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። «እኔ የደጋ ልጅ ነኝ፣ ከፍታ ምን ያደርገኛል» የሚል ሰው ከመካከላችን አይጠፋም። የሰሜን ተራሮች ነዋሪዎች ሰውነት ከፍታን እንዴት እንደሚቋቋም ተመራማሪዎች ያጠኑት ነገር ነው፤ እውነትነት አለው። ግን እነዚያ እዚያው ከፍታ ላይ ተወልደው እዚያው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው እንጂ አሥር ዓመት ሜሪላንድ የቆየ የጎንደር ልጅ አይደሉም። ደግሞም ከአይላንድ ፒክ በፊት ያለው የመጨረሻው መንደር ቹኩንግ 4,730 ሜትር ላይ ነው፤ ራስ ዳሽን 4,550 ገደማ። መውጣቱ ገና ሳይጀመር ከራስ ዳሽን ጫፍ በላይ ይተኛሉ ማለት ነው።

ሜራና አይላንድ

ሜራ በኔፓል «የእግረኛ ተራራ» ተብለው ከተመደቡት መካከል ረጅሙ ነው፤ በሚጠይቀው የመውጣት ችሎታ ግን ከሦስቱ ቀላሉ። ካሬ ከምትባለው ሰፈር (5,000 ሜትር ገደማ) ተነሥተው 5,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለው የላይኛው ካምፕ ያድራሉ። ሌሊት ተነሥቶ ጫማ ላይ ክራምፖን (በረዶ የሚነክስ ባለ ሹል ብረት) አስሮ፣ ከጓደኛ ጋር በገመድ ተያይዞ፣ በሰፊ የበረዶ ግግር ላይ ሽቅብ መራመድ ነው። ቀጥ የምትለው የመጨረሻዋ ጉብታ ብቻ ናት። ብዙ ቡድን የሚያበቃውም 6,461 ሜትር በሆነው በመካከለኛው ጫፍ ላይ ነው፤ 6,476 የሚባለው የሰሜኑ ጫፍ ነው። ቁጥሩ የሚያሳስብዎት ከሆነ የትኛው እንደሚሸጥልዎ ይጠይቁ። እኔን አያሳስበኝም፤ ከመካከለኛውም ቢሆን ሰማዩ ከጠራ ኤቨረስት፣ ሎትሴ፣ ማካሉ፣ ቾ ኦዩና ካንቼንጁንጋ፣ አምስቱም ከ8,000 ሜትር በላይ የሆኑ ተራሮች፣ በአንድ ዙር ይታያሉ። የሜራ ጠላት ብርድ ነው። ግግሩ ገላጣ ነው፣ ንፋስ የሚከልል ነገር የለውም፣ መንገዱም ረጅም ነው። ድርብ ቦት (ውስጡ ሌላ የሚያሞቅ ጫማ ያለው ቦት) ያልያዘ ሰው ጣቱን ይዞ ለመመለሱ ዋስትና የለውም።

ከባዱ ነገር የሚመጣው ከሜራ ከወረዱ በኋላ ነው። ወደ አይላንድ ፒክ የሚያሻግረው አጭሩ መንገድ በሆንጉ ሸለቆ አድርጎ አምፉ ላፕቻን ያቋርጣል። አምፉ ላፕቻ 5,845 ሜትር ከፍታ ያለው በር ነው፤ በር ሲባል ጣርማ በርን አያስቡ። በአንድ በኩል ደረጃ ደረጃ በሆነ በረዶ ይወጡታል፣ በሌላው በኩል በገመድ ተንጠልጥለው ይወርዱታል፤ የተሸካሚዎቹም ጭነት በገመድ ይወርዳል። ሆንጉ የኤቨረስት መንገድ እንደሚያልፍበት እንደ ኩምቡ ሸለቆ ሎጅ የተደረደረበት አይደለም፤ ድንኳኑ፣ ምግቡና ነዳጁ በሰው ጀርባ ነው የሚሄደው። አንድ ሰው እዚያ ቢታመም ወይ ወደ ኋላ በሜራ በኩል ሽቅብ፣ ወይ ወደ ፊት በአምፉ ላፕቻ ሽቅብ ነው። ለከፍታ ሕመም ዋናው መድኃኒት ደግሞ ቶሎ መውረድ ነው።

ማስታወቂያው ላይ «ሜራ ቀላል፣ አይላንድ መካከለኛ» ተብሎ ይጻፋል። ሁለቱም እውነት ነው። የጉዞው አስቸጋሪ ቀን ግን ከሁለቱም ጫፎች በአንዳቸው ላይ አይደለም፤ ስሙ በርዕሱ ላይ በማይጠቀሰው በር ላይ ነው። ከባድ በረዶ ከጣለ በሩ ይዘጋል፤ ያኔ አይላንድ ፒክም አብሮ ይቀራል። አንዳንድ ድርጅቶች ይህን ስለሚያውቁ ከሜራ አየር ማረፊያው ወዳለበት ወደ ሉክላ መልሰው በናምቼ መንደር በኩል ያዞራሉ። ይህ ተጨማሪ ቀን ይበላል፣ ግን ነውር የለበትም።

ሎቡቼና አይላንድ

ይኸኛው ከሉክላ (2,860 ሜትር) ተነሥቶ ናምቼን፣ ዲንግቦቼን እያለ የሚሄደው የታወቀው የኤቨረስት መንገድ ላይ ነው። እስከ ተራራው እግር ድረስ ሎጅ አለ፤ ፌሪቼ ላይ በየወቅቱ ሐኪሞች የሚቀመጡበት የሂማላያ ነፍስ አድን ማኅበር ክሊኒክ አለ፤ ወደ ታች መውረድ ሲያስፈልግ መንገዱ በእግር ብቻ ይወርዳል። ሎቡቼን ወጥተው ሲጨርሱ ወደ አይላንድ ፒክ የሚሻገሩት ወይ በኮንግማ ላ በር (5,535 ሜትር)፣ ወይ ደክሟቸው ከሆነ ታች በዲንግቦቼ ዞረው ነው። ኮንግማ ላ አድካሚ ነው፣ ድንጋያማም ነው፤ ግን በእግር የሚታለፍ ነው። ዋናው ልዩነት ይህ ነው፦ እዚህ በሩ ቢዘጋ ሁለተኛው ተራራ አይቀርም።

ተራራዎቹ ራሳቸው ግን ከሜራ ይከብዳሉ። ሎቡቼ መጀመሪያ በገላጣ የዓለት ንጣፍ ያስወጣል፣ ከዚያ ቀጥ ባለ በረዶ ላይ በቋሚ ገመድ። ብዙ ቡድን የሚቆመው ከእውነተኛው ጫፍ በፊት ባለ ጉብታ ላይ ነው፤ «ጫፍ ደርሰዋል» የሚል የምስክር ወረቀት የሚሰጥዎ ድርጅት የትኛውን እንደሆነ አስቀድሞ ቢነግርዎ ደግ ነው። አይላንድ ፒክ ደግሞ ከግግሩ ላይ ስንጥቆችን አንዳንዴ በመሰላል ተሻግረው፣ መቶ ሜትር የሚያልፍ ቀጥ ያለ የበረዶ ግድግዳ በጁማር (ገመድ ላይ ወደ ላይ ብቻ በሚንሸራተት መያዣ) ይወጣሉ፤ ሲመለሱ ያንኑ በገመድ ይወርዳሉ። ገመድ ላይ ሲወርዱ እጅዎ ምን እንደሚሠራ በብርድና በድካም ውስጥ ማሰብ የለብዎትም፤ እጁ ራሱ ማወቅ አለበት። ስለዚህ ቤዝ ካምፕ ላይ አንድ ሙሉ ቀን የገመድ ልምምድ የሌለበት መርሐ ግብር አይግዙ።

ስለ እይታ ለሚጠይቁ፦ ከአይላንድ ፒክ ኤቨረስት አይታይም። የሎትሴ ደቡባዊ ግድግዳ ፊት ለፊት ቆሞ ይጋርደዋል፤ ግድግዳው ራሱ ግን ትንፋሽ ያሳጥራል። ከሎቡቼ ኤቨረስት ይታያል።

ብዛቱ የዚህ ጥምር ጉዳት ነው። በፀደይ (ከመጋቢት እስከ ግንቦት)፣ የኤቨረስት ቡድኖች ሰውነታቸውን የሚያለማምዱት ብዙውን ጊዜ ሎቡቼ ላይ ነው፤ በመኸርም (ከመስከረም እስከ ኅዳር) አይላንድ ፒክ ገመድ ላይ ወረፋ ይጠበቃል። ሰው በሌለበት ሸለቆ መሄድ የሚወድ ሰው ሜራን ቢመርጥ አልፈርድበትም።

የእኔ ምርጫ

ኪሊማንጃሮን (5,895 ሜትር) ወጥቶ ወይም ሰሜን ተራሮች ላይ ጥቂት ቀን ተጉዞ አሁን ክራምፖን ማሰር ለሚፈልግ ሰው ሎቡቼና አይላንድን እመርጥለታለሁ፤ በዚህ ቅደም ተከተል። ተራራው ከሜራ ቢከብድም ሲያቅት ወርደው የሚያመልጡበት መንገድ አለው። ገመድ ላይ ቀድሞ የሠራ፣ በድንኳን መኖር የማይሰለቸው፣ ሦስት ሳምንት ተኩል የሚሰጥ ሰው ከሆነ ደግሞ ሜራና አይላንድ በአምፉ ላፕቻ ከሁለቱ የላቀ ጉዞ ነው። ሜራ «ቀላል ነው» ተብሎ ለጀማሪ የሚሸጠው ግን ይህንኑ መንገድ ይዞ ከሆነ ሻጩን እጠራጠራለሁ። ልምድ ሳይኖርዎት ሜራን ከወደዱት ለብቻው ይውጡት፤ ብቻውንም ይበቃል።

ኤቨረስትና ሎትሴ

ኤቨረስት 8,848.86፣ ሎትሴ 8,516 ሜትር። ሁለቱ እስከ ሦስተኛው ካምፕና ከዚያም ትንሽ ከፍ እስከሚል ድረስ አንድ መንገድ ይጋራሉ፤ የኩምቡ የበረዶ ፏፏቴም የጋራ ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ ሁለተኛው ተራራ «ትርፍ» ይመስላል፦ ከኤቨረስት ጫፍ በሁለቱ መካከል ወዳለው በር ወደ ሳውዝ ኮል ይመለሳሉ፣ በማግስቱ ወደ ሎትሴ ያቀናሉ። ወረቀቱ የማይነግርዎ ነገር፣ በዚያ ሰዓት እግርዎ የእርስዎ አለመሆኑን ነው። ኤቨረስትን አይቶ የተመለሰ ብዙ ሰው ሎትሴን ትቶ ይወርዳል፤ የተከፈለው የሎትሴ ፈቃድ ግን አይመለስም። የኤቨረስት የፀደይ ፈቃድ ብቻውን ከመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ11,000 ወደ 15,000 ዶላር አድጓል፤ ጠቅላላው ጉዞ ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው። ሎትሴን ከጨመሩ የተጨማሪ ኦክስጅን ሲሊንደሮች ብዛትና አብሮዎት የሚወጣው ሼርፓ (የአካባቢው ተራራ ወጪ) ለሁለተኛው ጫፍ የሚከፈለው ገንዘብ በውሉ ላይ በቁጥር መጻፍ አለበት። ይህን ጥምር የሚገዛ ሰው ከእኔ ምክር አይፈልግም ብዬ ስለማስብ እዚህ ላይ ላቁም።

ከመፈረምዎ በፊት

ዋጋው ካትማንዱ ካሉ ድርጅቶች ለሎቡቼና አይላንድ ብዙውን ጊዜ ከ3,000 እስከ 5,000 ዶላር ገደማ ነው፤ የሜራው ድንኳንና ተሸካሚ ስለሚበዛበት ከፍ ይላል፤ በውጭ ሀገር መሪ የሚመራ ከሆነ እጥፉንና ከዚያም በላይ ይደርሳል። የመውጫ ፈቃዱ በመኸር ከፀደይ ግማሽ ነው፤ ቅናሹ ለእርስዎ መድረሱን ያረጋግጡ።

ርካሹ ድርጅት ገንዘብ የሚቆጥበው ከምግብ ላይ አይደለም፣ ከቀን ላይ ነው። መርሐ ግብሩን ይዘው የመኝታ ቦታዎቹን ከፍታ ብቻ ያንብቡ። ከ3,000 ሜትር በኋላ ከአንዱ ሌሊት ወደ ሌላው ከ500 ሜትር በላይ የሚዘል ከሆነ፣ በየሦስትና አራት ቀኑም ዕረፍት ከሌለው፣ ይዝጉት። ለሁለቱም ተራራ በየራሳቸው መጠባበቂያ ቀን ይኑር፤ «አንድ የጋራ መጠባበቂያ» ማለት የመጀመሪያው ተራራ ላይ ንፋስ ከነፈሰ ለሁለተኛው ምንም የለም ማለት ነው። ጫፍ ላይ አንድ መሪ ስንት ሰው እንደሚይዝ ይጠይቁ፤ ከሁለት በላይ ካሉ እኔ አልሄድም። አንዱ ሰው ሲደክም መሪው ይዞት ሲወርድ የቀሩት ከማን ጋር ይወጣሉ? የተሸካሚዎቹንም መድን ይጠይቁ፤ መልሱ ሲንተባተብ ስለ ድርጅቱ ብዙ ያውቃሉ።

የራስዎ መድን ላይ ከፍታውን ያንብቡ። ብዙ የጉዞ መድኖች 6,000 ሜትር ላይ ያቆማሉ፤ ሦስቱም ተራሮች ደግሞ ከዚያ ያልፋሉ። ሄሊኮፕተር በስም መጠቀስ አለበት።

ቪዛ። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት የያዘ ሰው ካትማንዱ አየር ማረፊያ ላይ ይገዛል፤ ለ30 ቀን 50 ዶላር ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን ሲደርሱ አይሰጥም፤ አስቀድሞ ከኔፓል ኤምባሲ መያዝ አለበት። ይህን የማይነግሩ ሻጮች አሉ።

ፀደይን ከመረጡ ሁዳዴ ሊደርስብዎት ይችላል፤ በዚህ አይጨነቁ። የሎጁ የዘወትር ምግብ ዳል ባት ነው፣ ሩዝ ከምስርና ከአትክልት ጋር፤ ቅቤ እንዳይገባበት ብቻ ይንገሩ። ጿሚ ያልሆነውም ከናምቼ በላይ ሥጋ ባይቀምስ ይመረጣል፤ እዚያ አካባቢ ስለማይታረድ ከቆላ ቀናት ተሸክመውት የመጣ ነው።

የመመለሻ በረራዎን ከጉዞው ማብቂያ ቢያንስ ሁለት ቀን ያርቁ። የሉክላ አየር ማረፊያ ማኮብኮቢያ 527 ሜትር ብቻ ነው፣ ዳገት ላይም ነው፤ ደመና ሲወርድ አውሮፕላን አይነሣም። በብዙ ሰው ወቅት ደግሞ በረራው ከካትማንዱ ሳይሆን ከራሜችሃፕ ሊሆን ስለሚችል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ተነሥቶ በመኪና አራትና አምስት ሰዓት መጓዝ አለ። ይህ የመኪና ጉዞ በዋጋው ውስጥ መካተቱን ይጠይቁ።