የሉቡንቱ ዕለታዊ እትም ባገለገለ ላፕቶፕ ላይ፦ ምን ይሠራል፣ ምን ይሰበራል፣ እንዴት ይጠገናል

ገና በመሠራት ላይ ያለው የሉቡንቱ እትም ለኮፒ ቤት ብቸኛ ኮምፒውተር አይሆንም። በጎን ላለ ሁለተኛ ላፕቶፕ ግን፣ ያውም በትክክለኛው ወቅት ከተጫነ፣ በጣም ጥሩ ነው። ፍርዳችን ይኸው ነው። ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና ወይም መሐል ሜዳ ላይ የሚያስቸግሩት ነገሮች ግን ለየት ይላሉ፦ አፕዴት መሀል ላይ የሚጠፋ መብራት፣ በሜጋ የሚቆጠር ዳታ፣ ያረጀ ዋይፋይ ካርድ፣ የግእዝ ፊደል። ግምገማው የሚያተኩረው በእነዚህ ላይ ነው።

ኡቡንቱ በዊንዶውስ ፈንታ ወይም ከጎኑ የሚጫን ነጻ የሊኑክስ ሲስተም ነው፤ ሉቡንቱ ከኡቡንቱ ቤተሰብ ለደካማ ኮምፒውተር የሚመረጠው ነው። ከ18.10 ጀምሮ ዴስክቶፑ ኤልኤክስኪውቲ፣ የመጫኛ ፕሮግራሙ ደግሞ ካላማሬስ ነው። አዲስ እትም በፈረንጆቹ ኤፕሪልና ኦክቶበር ይወጣል። በመካከል ባሉት ወራት የተሠራው ሁሉ በየጊዜው ተጠቅልሎ እንደ አይኤስኦ ፋይል (ሙሉውን የመጫኛ ዲስክ የያዘ አንድ ፋይል) ይቀመጣል፤ ዕለታዊ እትም የሚባለው ይህ ነው። የጫነው ሰው በወጉ አፕዴት ካደረገ፣ ይፋ በሚሆንበት ቀን ማሽኑ ላይ ያለው ራሱ ይፋዊው እትም ይሆናል፤ እንደገና መጫን አያስፈልግም። መካከለኛዎቹ እትሞች ድጋፍ የሚያገኙት ለ9 ወር፣ የረጅም ጊዜዎቹ ደግሞ በሉቡንቱ በኩል ለ3 ዓመት ነው። ኔት በየወሩ ለማይገኝበት ቦታ ሁለተኛው ይሻላል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ወራት ተዉአቸው። ያኔ የላይብረሪ (ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት ኮድ) ለውጥ በገፍ ይገባል፤ ግማሹ ፓኬጅ (ተጠቅልሎ የሚጫን ፕሮግራም) ከአዲሱ፣ ግማሹ ከአሮጌው ጋር ተጣብቆ ይቆያል። እትሙ ሊወጣ ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው አዲስ ባሕርይ መጨመር ይቆማል፤ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ ቤታው (ለሙከራ የሚለቀቀው እትም) ይወጣል። ከቤታው እስከ ይፋው ያለው ጊዜ ለሞካሪ ወርቅ ነው፦ ሲስተሙ ይረጋል፣ ስህተት ብታገኙም ለመታረም ጊዜ አለው። ያም ሆኖ ደረሰኝና የደንበኛ ሰነድ የሚቀመጥበት ማሽን ላይ አትጫኑት። በ2024 የሆነውን ማስታወስ ይበቃል፦ ማርች 29 ቀን በፋይል ማመቂያው ኤክስዜድ 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ የጓሮ በር (ለሰርጎ ገብ የተተወ ስውር መግቢያ) መገኘቱ ተገለጸ፤ ኡቡንቱም የ24.04ን ቤታ ከኤፕሪል 4 ወደ ኤፕሪል 11 አራዝሞ ፓኬጆቹን እንደገና ገነባ። እንዲህ ያለው አደጋ ቀድሞ የሚደርሰው በመሠራት ላይ ያሉትን እትሞች ነው።

ወደ ማውረዱ እንሂድ። ፋይሉ 3 ጊጋ ገደማ ነው፤ በየሳምንቱ ሙሉውን ማውረድ ለማንም አያዋጣም። ለዚህ ዚሲንክ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፦ እጃችሁ ላይ ያለውን የቆየ አይኤስኦ ከአዲሱ ጋር አነጻጽሮ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ያወርዳል። ከአይኤስኦው ጎን በዚሲንክ ስም የሚያልቅ ትንሽ ፋይል ይቀመጣል፤ አድራሻውን ለፕሮግራሙ ትሰጡታላችሁ። ሁለት ነገር ልብ በሉ። የተለመደው ዚሲንክ በተመሰጠረው ኤችቲቲፒኤስ አይሠራም፤ ያለ ኤስ በኤችቲቲፒ አስጀምሩት። ቁጠባውም ሁልጊዜ እኩል አይደለም፤ የሲስተሙ ፋይሎች ታምቀው ስለሚቀመጡ ትንሽ ለውጥ ብዙ ክፍል ሊያናውጥ ይችላል። ቤታው ከወጣ በኋላ ግን ልዩነቱ ያንሳል፣ ዳታውም ይተርፋል። ወርዶ ሲያልቅ የሻ256 ድምሩን (ፋይሉ ሳይበላሽ መውረዱን የሚያሳየውን ቁጥር) ከሰርቨሩ ዝርዝር ጋር ማመሳከር ግዴታ ነው። ኔት እየተቆራረጠ የወረደ ፋይል ጭነቱ 60 ወይም 70 በመቶ ሲደርስ ይከሽፍና ጥፋቱ የሉቡንቱ ይመስላል።

ፍላሹ 8 ጊጋ ይሁን። ከገበያ የተገዛ ርካሽ ፍላሽ ላይ የተጻፈው መጠን ውስጡ ላይኖር ስለሚችል መጀመሪያ በፍላሽ መፈተሻው በኤችቱ ቴስት ሞልታችሁ አንብቡት። አይኤስኦውን በሩፈስ ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ስትጽፉ አንዳንድ ማሽን በተለመደው ስልት ካልተነሣ የዲዲ ስልት ምረጡ። ባለ32 ቢት ፕሮሰሰር ላይ አትድከሙ፤ ሉቡንቱ ከ19.04 ጀምሮ ለእሱ የሚሆን አይኤስኦ አያወጣም።

ሲነሣ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ ችግሩ ብዙ ጊዜ የግራፊክስ ድራይቨር ነው፣ በተለይ ያረጀ ኤንቪዲያ ካርድ ላይ። በግሩብ (በማስነሻው) ሜኑ ላይ የእንግሊዝኛውን «ኢ» (E) ፊደል ተጭናችሁ «ሊኑክስ» ብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ «ኖሞድሴት» ጨምሩ፤ ከዚያ ኤፍ10። ይህ ለመጫን ብቻ የሚረዳ ጊዜያዊ መፍትሔ ነው፤ እንደዚያው ከተተወ ቪዲዮ ይንቀራፈፋል። ዊንዶውስ ያለበት ማሽን ደግሞ ስለ «ኤስባት» የሚናገር የስህተት መልእክት አሳይቶ ከጠፋ፣ ከ2024 ኦገስት ወዲህ የመጣ የዊንዶውስ አፕዴት አሮጌ የሊኑክስ ማስነሻዎችን ስለከለከለ ሊሆን ይችላል። አዲስ አይኤስኦ ተጠቀሙ፤ ካልሆነ ሴክዩር ቡትን (ያልተፈረመ ማስነሻን የሚከለክለውን ጥበቃ) ከባዮስ (ከማሽኑ መነሻ ማስተካከያ) ዝጉ።

ሰዓት እዚህ አገር ለብቻው አርዕስት ይገባዋል። ያገለገለ ላፕቶፕ የባዮስ ባትሪው ሞቶ ቀኑ ወደኋላ ይመለሳል፤ ወይም ደግሞ አንድ ሰው ባዮሱ ውስጥ የእኛን ዓመት ያስገባና ማሽኑ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ይቀራል። ሲስተምዲ የተባለው የሊኑክስ አስጀማሪ ሲነሣ ቀኑን ወደ ራሱ የተሠራበት ጊዜ ቢያስጠጋውም ከዛሬ ወራት ያንሳል። ውጤቱ፦ የፓኬጅ መጫኛው አፕት «ፋይሉ ገና አልጸናም» የሚል ስህተት ይሰጣል፣ ብሮውዘሩም የድረ ገጾችን ሰርተፊኬት አይቀበልም። ፍቱኑ መድኃኒት ባለ3 ቮልት ሲአር2032 ባትሪ መቀየርና ባዮሱ ውስጥ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ቀኑን ማስገባት ነው። ባትሪው በኬብል የተበየደ ከሆነ ግን የራሱን ዓይነት ፈልጉ። ከዊንዶውስ ጋር ጎን ለጎን ከተጫነ ደግሞ ሰዓቱ በትክክል ሦስት ሰዓት ሊዛባ ይችላል፤ ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሲይዝ ዊንዶውስ በአገር ውስጥ ሰዓት ስለሚይዝ ነው። በተርሚናል (ትዕዛዝ በሚጻፍበት መስኮት) «ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ሎካል-አርቲሲ 1» ማለት ሁለቱን ያስማማል።

ለመጫን ከ25 እስከ 30 ጊጋ የሆነ ባዶ ክፍል ይበቃል። በካላማሬስ በእጅ ስትከፋፍሉ ዊንዶውስ የፈጠረውን የኢኤፍአይ ክፍል (ማስነሻው የሚቀመጥበትን) ምረጡና ፎርማት ሳታደርጉ «ቡት ኢኤፍአይ» በሚለው ቦታ አስቀምጡት። ይህን የዘለለ ሰው ጭነቱ መጨረሻ ላይ ማስነሻው ሲከሽፍበት ያያል። የዊንዶውስን ፋስት ስታርታፕ (ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ቶሎ እንዲነሣ የሚያደርገውን) ቀድማችሁ ዝጉ፤ አለዚያ የዊንዶውሱ ዲስክ ከሊኑክስ በኩል ለንባብ ብቻ ይከፈታል። ጭነቱ ከወደቀ መዝገቡ በቤት ማውጫው ውስጥ በተደበቀው የካሽ ፎልደር፣ «ካላማሬስ» በሚለው ስር ይገኛል። ማሽኑን ከማጥፋታችሁ በፊት ወደ ሌላ ፍላሽ ገልብጡት፤ ከጠፋ አብሮ ይጠፋል። የላፕቶፑ ባትሪ ግማሽ ሰዓት የማይቆይ ከሆነ ደግሞ መብራት በሚያስተማምንበት ሰዓት ጫኑ።

ዋይፋይ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ኢንቴልና አቴሮስ ካርዶች ብዙውን ጊዜ ያለ ጣጣ ይሠራሉ። ችግሩ ብሮድኮም ነው። የማሽኑን ካርዶች ከነቁጥራቸው በሚያሳየው «ኤልኤስፒሲአይ -ኤንኤን» ዝርዝር ላይ ቁጥሩ በ14ኢ4 ከጀመረ ብሮድኮም ነው። ቢሲኤም4313 በከርነሉ (በሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ባለው ነጻ ድራይቨር ይሠራል። በርካሽ ላፕቶፖች የሚገኘው ቢሲኤም43142 ግን «ደብሊውኤል» የተባለውን የኩባንያውን ድራይቨር ብቻ ይፈልጋል። የዚህ ድራይቨር ምንጭ ከኩባንያው ለመጨረሻ ጊዜ የወጣው በ2015 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከርነል በተለወጠ ቁጥር የሚጠግኑት የኡቡንቱና የመሠረቱ የዴቢያን ሰዎች ናቸው። ዕለታዊ እትም አዲሱን ከርነል ጥገናው ሳይደርስ ስለሚቀበል ዲኬኤምኤስ (ድራይቨርን ለየከርነሉ የሚገነባው ፕሮግራም) ድራይቨሩን መገንባት ያቅተዋል፤ ትናንት የሠራው ዋይፋይ ዛሬ ይጠፋል። እንዲህ ሲሆን ማሽኑን እንደገና አስነሥታችሁ (ባዮስ ከሆነ ሺፍት፣ ኢኤፍአይ ከሆነ ኢስኬፕ በመጫን) ከግሩብ የላቁ ምርጫዎች ውስጥ የቀድሞውን ከርነል ምረጡ። አሮጌውን ከርነል ቦታ ይይዛል ብላችሁ አታጥፉት። ድራይቨሩን መጀመሪያ ለማውረድ ኔት ከሌለ ስልካችሁን በኬብል አገናኝታችሁ ዩኤስቢ ቴተሪንግ አብሩ፤ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ይታወቃል። ዘላቂ መፍትሔ የሚፈልግ ኤአር9271 ቺፕ ያለው የዩኤስቢ ዋይፋይ ይግዛ።

አማርኛው እንዴት ነው? ማንበቡ ላይ ችግር የለም፤ ኖቶ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ፎንት ከተጫነ ሁሉም ይታያል። ለመጻፍ የኢባስን (የፊደል ማስገቢያ ፕሮግራሙን) የኤም17ኤን ፓኬጅ ጫኑ፣ በ«አይኤም-ኮንፊግ» ኢባስን ምረጡ፣ ወጥታችሁ ግቡ፣ ከዚያ ከኢባስ ማስተካከያ አማርኛ ሴራን (ግእዝን በላቲን ቁልፎች የሚያስጽፈውን ስልት) ጨምሩ። ፈተናው በአንድ ፕሮግራም አይበቃም። ፌዘርፓድ (ቀላሉ የጽሑፍ መጻፊያ)፣ ሊብሬኦፊስና ፋየርፎክስ የፊደል ግቤትን የሚቀበሉት በተለያየ መንገድ ነው፤ በአንዱ ሠርቶ በሌላው የላቲን ፊደል ብቻ ሊወጣ ይችላል። ኢባስን ትቶ ሌላውን የፊደል ማስገቢያ ኤፍሲቲክስ5ን የሚጠቀም ሰው ደግሞ አንድ ወጥመድ አለበት፦ ኤልኤክስኪውቲ በ2024 በወጣው 2.0 ወደ ኪውቲ6 (የፕሮግራም መስኮቶች ወደሚሠሩበት አዲስ ላይብረሪ) ስለተሻገረ፣ ለኪውቲ5 የተሠራው ማገናኛ ብቻ ካለ ሊብሬኦፊስ ላይ እየጻፈ ፌዘርፓድ ላይ ዝም ይላል። የኪውቲ6 ማገናኛውን መጫን ያስተካክለዋል። ስትሞክሩ «ሰላም» ጽፋችሁ አትተዉ፤ ሏ፣ ቋ፣ ኳ፣ ጧ እና አራት ነጥብን ጨምሩ።

ለጽሕፈት ሥራ ግን አንድ ቁርጥ ያለ ገደብ አለ። በድሮ የቪዡዋል ግእዝ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ዩኒኮድ ስላልሆነ ፎንቱ በሌለበት ማሽን የላቲን ዝብርቅርቅ ሆኖ ይከፈታል። በዊንዶውሱ ኒያላ ፎንት የተጻፈው ደግሞ ይነበባል እንጂ ፎንቱ በሌላ ሲተካ የፊደሉ ስፋት ተለውጦ የገጹ ማብቂያ ይዛነፋል። የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ለሚያትም ቤት ይህ ብቻውን ዊንዶውሱን ላለማጥፋት በቂ ምክንያት ነው።

ፍጥነቱ ያስደስታል። ምንም ሳይከፈት ቀላል ነው፤ ማሽኑን የሚከብደው ብሮውዘሩ ነው። በ2 ጊጋ ራም ጥቂት ትሮች ሲከፈቱ ዲስኩ መንጫጫት ይጀምራል፤ ዚራም (ራም ላይ ያለውን አምቆ ቦታ የሚያተርፍ) መጫን ትንሽ ያስተነፍሳል። ፋየርፎክስ በስናፕ (ከአፕት የተለየ የፕሮግራም ጥቅል) ስለሚመጣ በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ የመጀመሪያው አከፋፈት ረጅም ነው። ከዚያ የሚብሰው ስናፕ ሳይጠይቅ ራሱን አፕዴት ማድረጉ ነው፤ በስልክ ዳታ ላይ ይህ ገንዘብ ነው። «ሱዶ ስናፕ ሪፍሬሽ --ሆልድ» ብላችሁ አስቁሙት፣ ነጻ ዋይፋይ ስታገኙ በእጃችሁ አድርጉት። ለዚህ ቦታ እንደ ትልቅ ጉድለት እንቆጥረዋለን።

አፕዴት ሲደረግ ትዕዛዙ «አፕት ፉል-አፕግሬድ» ነው። «እሺ» ከማለታችሁ በፊት የሚጠፉትን ፓኬጆች ዝርዝር አንብቡ፤ «ሉቡንቱ-ዴስክቶፕ» ውስጡ ካለ «አይ» በሉና አንድ ሁለት ቀን ጠብቁ፤ ፓኬጆቹ ገና እየተሟሉ ነው። «ፕሮፖዝድ» የሚባለውን ክፍል በፍጹም አትክፈቱ፤ ፈተና ያላለፉ ፓኬጆች ማቆያ ነው። መብራት መሀል ላይ ከጠፋ ሲነሣ በ«ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ» ጀምሩ፣ ቀጥሎ «አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስታል»። ዴስክቶፑ ካልመጣ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ3 አንድ ላይ ተጭናችሁ በጽሑፍ መስኮቱ ግቡ፤ ሁለቱም ትዕዛዝ እዚያ ይሠራል።

ሙቀት ላይ ፍርድ ከመስጠታችሁ በፊት የት እንዳላችሁ አስቡ። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን አየሩ ሳስቶ ማራገቢያው የሚያወጣው ሙቀት ቢቀንስም ብርዱ ያካክሳል። ያው ላፕቶፕ ጣርማ በርን ወርዶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሸዋ ሮቢት ቀትር ላይ ፍጥነቱን ሊቀንስ ወይም ራሱን ሊያጠፋ ይችላል። በ«ሴንሰርስ» ንባቡን እዩ፤ ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ከተጠጋ ከርነሉን ሳይሆን አቧራውንና የደረቀውን የሙቀት ቅባት ተጠያቂ አድርጉ።

ስህተት ስታገኙ አሳውቁ፤ የግእዝ ግቤት መሰበሩን ከእኛ ቀድሞ የሚያይ ብዙ ሰው የለም። ባለፈው ማስነሣት የሆነውን «ጆርናልሲቲኤል -ቢ -1» ያሳያል። «ኡቡንቱ-በግ» ብላችሁ የፓኬጁን ስም ስትጨምሩ መረጃውን ሰብስቦ ወደ ላውንችፓድ (የኡቡንቱ የስህተት መዝገብ) ይልካል። ኔት ከሌለ «--ሴቭ» ጨምራችሁ በፋይል አስቀምጡት፣ ፍላሽ ላይ ይዛችሁ ኔት ካለበት ላኩት። የአይኤስኦውን ቀን፣ የላፕቶፑን ሞዴልና ስህተቱን የሚደግሙትን እርምጃዎች በቅደም ተከተል ጻፉ። «አማርኛ አይሠራም» ብሎ መላክ ማንንም አይረዳም፤ «በኢባስ ሴራ ኳ ሲጻፍ ፌዘርፓድ ላይ ኩ እና አ ተለያይተው ይወጣሉ፣ ሊብሬኦፊስ ላይ ግን ደኅና ነው» የሚል ሪፖርት ግን ጠጋኙ በቀጥታ የሚይዘው ነው።