«የአባ ጅፋር ቤት ጠመንጃ» ሲሏችሁ ቀብድ እንዳትከፍሉ

ሰላም የጅማ ልጆች። 60 ሺህ ብር ቀብዴን ተበልቻለሁ። ጠመንጃው አሁንም በደላላ እጅ እየዞረ ስለሆነ፣ ሌላ ሰው ሳይገባበት ልንገራችሁ።

አባቴ የድሮ የአደን ጠመንጃ ነፍሱ ነው። ፈረንጅ አራዳ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን አንድ ደላላ የባለ ሁለት አፈሙዝ ሾትገን ፎቶ አሳየኝ። «የታወቀው የእንግሊዝ ጠመንጃ ሠሪ ቤት፣ የዌስትሊ ሪቻርድስ ሥራ ነው። ከአባ ጅፋር ቤት የወጣ» አለኝ። ዋጋው 350 ሺህ። ሄጄ ሳየው ብረቱ መስታወት ይመስላል፣ ሰደፉ ያብረቀርቃል። እዚያው ቀብዱን ቆጠርኩለት።

በማግስቱ ዕድሜያቸውን በመሣሪያ ጥገና የጨረሱ ጎረቤታችንን ይዤ ተመለስኩ። ጋሼ ገና እጃቸው ላይ ሲያደርጉት ፊታቸው ተለወጠ። «ይሄን በብርጭቆ ወረቀት የፋቀው ማነው?» አሉ።

እኔን ያማለለኝ ያ ማብረቅረቅ ነው ዋጋውን የገደለው። የድሮ ጠመንጃ የሚሰበስብ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ከፋብሪካ ሲወጣ ለነበረው ቀለም፣ ቅርጽና እንጨት ነው። ደብዝዞ ያልተነካ፣ አብረቅርቆ ከታደሰው ይበልጣል። ጋሼ ጣቴን ይዘው እንጨቱና ብረቱ የሚገናኙበትን መስመር አስዳሰሱኝ። እንጨቱ ከብረቱ ዝቅ ብሏል። ሲሠራ እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነበር፤ በፍቀት አልቋል። ሰደፉ ላይ ለመያዣ የተቀረጸው ጥልፍም ግማሹ የለም። ብረቱ ላይ ያለው አበባ ጠርዙ ቀልጦ እንደ ሻማ ሆኗል።

ከዚያ አፈሙዙን አዞሩልኝ። ሁለቱ ቱቦዎች ጫፋቸው ላይ ሊነካኩ ይገባል፤ ሲሠሩ ወደ ፊት እየተቀራረቡ ነው የሚሄዱት። የዚህኛው ግን በመሃሉ የክብሪት እንጨት ያስገባል። ተቆርጧል ማለት ነው። ስንለካው 52 ሴንቲ ሜትር ሆነ። የዚህ ዓይነት የአደን ጠመንጃ ብዙውን ጊዜ ከ70 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። እርሳሱ እንዳይበተን የሚሰበስበው ጥበቱ ያለው ደግሞ ጫፉ ላይ ስለሆነ፣ ከተቆረጠው ጋር አብሮ ሄዷል።

ሲፈታ የባሰ መጣ። የአፈሙዙ ቁጥርና የፊት እንጨቱ ቁጥር አይገናኙም። ከሌላ ጠመንጃ የተገጠመ ነው። አፈሙዙ ሥር ሞላላ ክብ ውስጥ «ኢ፣ ኤል፣ ጂ» የሚሉ የላቲን ፊደላት አሉ። ይህ የቤልጂየሟ የሊዬዥ ከተማ የፍተሻ ማህተም ነው፤ አፈሙዙ እዚያ ተፈትኖ ማለፉን ያሳያል። እንግሊዝ አገር የተሠራ ቢሆን የለንደን ወይም የበርሚንግሃም ማህተም ይኖረው ነበር። ድሮ ከሊዬዥ የእንግሊዝ ስም የሚመስል ስም የተጻፈባቸው ርካሽ ጠመንጃዎች በብዛት ይወጡ ነበር። የኛው ላይ «ሪቻርድስ» ይላል፤ «ዌስትሊ» የሚል ግን የትም የለም። ሊዬዥ ውስጥ እጅግ ድንቅ ጠመንጃ የሠሩ ቤቶችም አሉ፣ ከተማውን አልሰድብም። ይህ ግን ከነሱ አይደለም።

የአባ ጅፋርን ወሬ በተመለከተ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅሬን ሆነው የገዙት እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነው። ጠመንጃው የዚያ ዘመን ሊሆን ይችላል። ዘመኑ ግን ቤቱን አያረጋግጥም። ደብዳቤ፣ ፎቶ፣ መዝገብ የለም፤ ያለው ወሬ ብቻ ነው። እውነት ከቤተ መንግሥቱ የወጣ ቢሆን ደግሞ ነገሩ ቅርስ ነው። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ በደላላ ተደብቆ አይሸጥም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ደላላው «ፈቃዱን እኔ አዞርልሃለሁ» ያለኝ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የጦር መሣሪያ ያለ ተቆጣጣሪው አካል ፈቃድ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም። ግድግዳ ላይ ለጌጥ ልስቀለው ብትሉም ያው ነው። ባዞርልህ ባይ አትመኑ፤ አንድ ብር ሳትከፍሉ ፖሊስ ጋ ሄዳችሁ ራሳችሁ ጠይቁ። እኔ ይህን ያወቅኩት ከቀብዱ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የድሮው አፈሙዝ ብረትና ስቲል ተጠምዝዞ የተሠራ፣ ላዩ ላይ ሞገድ የሚመስል ጥለት ያለው ከሆነ፣ ለጥቁር ባሩድ ዘመን የተሠራ ነው። በአሁኑ ጥይት ሊፈነዳ ይችላል። «ተኩሰህ ሞክረው» ቢሏችሁ እንዳትነኩት!

ቀብዴን ስጠይቅ «ውሉን ያፈረስከው አንተ ነህ» ተባልኩ፤ ስልኬንም አያነሳም። የጠመንጃውን ምልክት ልንገራችሁ። ሰደፉ በቀይ ቫርኒሽ ተቀብቷል። በግራ ጎኑ አዲስ የተቀረጸ የነሐስ አንበሳ አለ። የቀኝ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ትንሽ የመጋዝ ጭረት ይታያል። ይህን ካሳዩዋችሁ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩና ጻፉልኝ።