ስልክ ላይ የሚቆነጠጥ ማክሮ ሌንስ፦ የድሮ ጠመንጃ ላይ ያለ ጽሁፍ ለማንበብ ይሆናል ወይ?

ደብረ ብርሃን ከአንድ የሞባይል አክሰሰሪ ሱቅ በ450 ብር የገዛሁትን ማክሮ ሌንስ እንዴት ነው እያላችሁ ለምትጠይቁኝ አንዴ ልመልስ። ብራንድ የለውም፣ ካርቶኑ ላይ 15 እጥፍ ያጎላል ይላል፣ በመቆንጠጫ ስልኩ ካሜራ ላይ ይያያዛል በቃ። ሰው ለአበባና ለጉንዳን ፎቶ ነው ሚገዛው፣ እኔ ግን ለብረት ነው የገዛሁት፣ ለዛ ስራ ደግሞ ካሰብኩት በላይ ጠቅሞኛል።

መንዝ ቤተሰቦቼ ጋ ከቅድመ አያቴ የወረደ ፈቃድ ያለው ጠመንጃ አለ፣ አጭር ነው፣ ርዝመቱ 1 ሜትር አይሞላም። ቅድመ አያቴ ከራስ አበበ አረጋይ ጋር በዱር በገደሉ የነበሩ አርበኛ ስለሆኑ ቤቱ ሁሉ "የጣሊያን ምርኮ ነው" እያለ ነው ያደገው፣ ብረቱን አይቶ የጠየቀ ሰው ግን የለም ምክንያቱም በጭስና በዘይት ተለብጦ በአይን ሚታየው የዘውድ ግማሽ ብቻ ነበር።

አጎቴ ማጉረሻውን ከፍተው ባዶ መሆኑን ካዩ በኋላ ዝተት ላይ አጋድመነው በደረቅ ጨርቅ ብቻ ጠረግነውና ሌንሱን አስጠጋሁት። ጥይቱ የሚጎርስበት ብረት አናት ላይ ቪ፣ ሲ፣ ከዛ ሺሊንግ የሚል የሰሪው ስም፣ ዝቅ ብሎ ዙል የሚል የከተማ ስም፣ ከስሩ 1894። በግራ ጎኑ ደግሞ በዛ በተጠማዘዘው በድሮው የጀርመን ፊደል ካር 88፣ ካራቢነር 88 ማለት ነው፣ ካራቢነር አጭር ጠመንጃ ነው። አጎቴ "ታዲያ ምርኮ አይደለም ልትለኝ ነው?" ብለው ትንሽ ከፋቸው። በፈረንጆች 1894 ማለት ከአድዋ በፊት ነው እኮ ጋሼ፣ ብረቱ ከቅድመ አያቴም ሳይበልጥ አይቀርም፣ በማንም እጅ ይምጣ የተዋጉበት እሳቸው ናቸው አልኳቸው፣ ከዛ በኋላ እሳቸው ናቸው እንደውም ባትሪ ሲያበሩልኝ የዋሉት።

ሞዘርን የማያውቅ የለም፣ ሺሊንግን ግን ማን ያውቀዋል? ዙል በጀርመን ቱሪንጊያ ደን ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፣ ለዘመናት ጠመንጃ ስትሰራ የኖረች፣ ጠመንጃ ሰሪዎቹ ዛወር በ1751 ሄነል በ1840 የተቋቋሙት እዛው ነው (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው)፣ የጦር መሳሪያ ሙዚየምም አላት። ሺሊንግ ከነዚህ ጋር ተጋርቶ ነበር ሚሰራው። የጀርመን ጦር የ1879ኙንና የ1883ቱን ሽጉጥ ሲያዝ ሽፓንገንበርግና ዛወር የሚባለው ድርጅት፣ ሺሊንግና ሄነል በአንድ ላይ ወስደው የሶስቱንም ስም ምህጻር በአንድ ሞላላ ማህተም አትመውበታል። የ88 ካራቢነርንም ሄነልና ሺሊንግ ከኤርፉርቱ የመንግስት ፋብሪካ ጋር ነው የሰሩት። ከዛ በ1890ዎቹ የበርግማን ሽጉጥ የሚባለው መጣ፣ ንድፉ የሉዊስ ሽማይሰር፣ የተሰራው ሺሊንግ ፋብሪካ ውስጥ፣ ገበያ ላይ የወጣው ግን በበርግማን ስም። እኔን በጣም የነካኝ ይሄ ነው፣ ይሄን ሁሉ ብረት ያመረተ ቤት ስሙ የቀረው እንደኛ ቤት ባለ ጠመንጃ አናት ላይ ነው። ከአንደኛው የአለም ጦርነት በኋላ ደግሞ በቬርሳይ ውል ምክንያት ዙል ውስጥ ለጦሩ ጠመንጃ እንዲሰራ የተፈቀደለት ሲምሰን የሚባለው ፋብሪካ ብቻ ሆነ፣ ሌላው ወደ አደን ጠመንጃ ዞረ።

እዚህ አገር እንዴት መጣ ለምትሉ፣ ጀርመን 98 የሚባለውን ሞዘር ስትይዝ 88ቶቹ ከፊት መስመር እየወጡ ወደ ብዙ አገር ሄደዋል፣ ኢትዮጵያም ከደረሱባቸው አንዷ ናት።

ወደ ሌንሱ ልመለስና፣ ዋናው ነገር መብራቱ ነው። ባትሪውን ከፊት ለፊት ካበራችሁ ብረቱ ያብለጨልጭና ምንም አይነበብም፣ ከጎን አጋድማችሁ ስታበሩ ግን የተቦረቦረው ፊደል ጥላ ይጥልና ፍንትው ይላል። በዚህ አይነት ነው ትናንሽ ብሎኖቹ ላይ ያለውን ቁጥር ያየሁት፣ ጀርመኖቹ የጠመንጃውን ቁጥር የመጨረሻ 2 አሃዝ በየብሎኑ ይመቱ ነበር፣ የኛው ከአንዱ በቀር ሁሉም ይገጥማል፣ አንዱ አንድ ጊዜ ተቀይሯል ማለት ነው። ዘውድ ያለባቸው ነጠላ ፊደሎች ደግሞ የሰሪው ስም እንዳይመስሏችሁ፣ የጦሩ ተቆጣጣሪዎች ማህተም ናቸው፣ ዙል ያኔ በፕሩሲያ ንጉስ ስር ስለነበረች ነው ዘውዱ። የጀርመን የአደን ጠመንጃ ያላችሁም የ1891ዱን የፍተሻ ህግ ማህተም ታገኛላችሁ፣ ዘውድና ዩ ተመርምሮ አልፏል ማለት ነው፣ ዘውድና ደብልዩ አፈሙዙ ጫፉ ላይ የጠበበ ነው ማለት ነው። ከዘውድ ይልቅ ንስርና ኤን ካያችሁ በ1939 ከወጣው ህግ በኋላ የተፈተሸ ነው።

ጉድለት አለው። መሃሉ ብቻ ነው ጥርት ሚለው ዳር ዳሩ ይደበዝዛል፣ ረጅም ጽሁፍ ከሆነ ቆራርጦ ማንሳት ግድ ነው። በጣም ስለምታስጠጉት ራሱ ሌንሱ ብርሃን ይከልላል። መንዝ ጠዋት ብርዱን ታውቁታላችሁ፣ ውጪ አድሮ ቀጥታ እሳት ያለበት ቤት ካስገባችሁት በጉም ይሸፈናል፣ ትንሽ አቆይታችሁ ጥረጉት። መያዣ ከረጢት የለውም፣ ቶሎ ይጫራል። መቆንጠጫውም ከጊዜ በኋላ ላላ፣ በላስቲክ አስሬ ነው ምጠቀመው።

አደራ ምላችሁ ግን ጽሁፉ እንዲወጣ ብላችሁ በብርጭቆ ወረቀት እንዳትፈትጉት፣ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። 88 ከሆነ ደግሞ ላዩ ላይ 7.9 ተጽፎ ብታዩም ለሞዘር የሚሆን ጥይት ይሆነዋል ብላችሁ እንዳትሞክሩ፣ የመጀመሪያው የ88 ጥይት አረር ውፍረቱ 8.08 ሚሊ አካባቢ ነው፣ በ1905 የመጣው የሞዘሩ ግን 8.2 ነው፣ ላልተቀየረ አፈሙዝ አደጋ ነው።

በ450 ብር እኔ ግዙት ነው ምለው። 3 ካሜራ ያለው ስልክ የያዛችሁ ግን መጀመሪያ ሱቁ ውስጥ ሞክሩት፣ አንዳንዱ ስልክ ላይ መቆንጠጫው ዋናው ካሜራ ጋ አይደርስም።