የዘይት ሂተር በሱሉልታ ብርድ፦ ከክረምት እስከ ጥር ተጠቅሜበት ያየሁት

ሱሉልታን የማያውቅ ሰው «አዲስ አበባ አካባቢ ደግሞ ምን ብርድ አለ?» ይላል። እስቲ እንጦጦን ተሻግሮ አንድ የታኅሣሥ ሌሊት እኛ ጋ ይደር። ከ2,500 ሜትር በላይ ነን። ሜዳው ገላጣ ነው፤ ሰማዩ ጠርቶ ካደረ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ታገኛላችሁ። የክረምቱ ደግሞ ሌላ ነው። እንደ በጋው አይቆነጥጥም፤ እርጥበቱ ግን ብርድ ልብስ ውስጥ ሳይቀር ይገባል።

ቤቱ የቤተሰብ ነው፣ የድሮ ጭቃ ቤት። ግድግዳው አይታማም፤ ወፍራም ነው፣ ምርጉም በደንብ የተሠራ ነው። ጉዱ ያለው ከላይ ነው። ቆርቆሮ፣ ከሥሩ ደግሞ ዘመን የበላው አቡጀዲ፣ አይጥ እንደ ልቡ የሚሯሯጥበት። መስኮቶቹ የብረት ናቸው፤ ተዘግተውም ነፋስ ያስገባሉ።

እማዬ ቁርጥማት አለባት። ስለዚህ ማሞቂያ እኛ ቤት የቅንጦት ወሬ አልነበረም። ባለፈው ግንቦት በኤሌክትሪክ የሚሠራ የዘይት ሂተር ገዛሁ። ባለ 2,000 ዋት ነው፣ አሥራ አንድ ክንፍ ያለው፣ ከሥሩ ጎማ ያለውና የሚገፋ። ክረምቱን ሠራ፣ ከዚያም ከጥቅምት እስከ ጥር ያለማቋረጥ ሠራ። «ሂተር ልግዛ ወይስ ብሬን ይበላዋል?» ለሚል ሰው አጭሩ መልሴ ይኸው፦ ግዙ፤ ግን ለአንድ ክፍል ብቻ ግዙ፣ እሱንም ጣሪያውን ካስተካከላችሁ በኋላ።

የእቁብ ዕጣዬ ሲወጣ ብሩን ለሁለት ከፈልኩት። ትልቁን ድርሻ የወሰደው ኮርኒሱ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ተቃወመ። «ሰው በኮርኒስ ይሞቃል እንዴ?» አለችኝ እህቴ። ይሞቃል! የሞቀ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ላይ የሚጠብቀው ባዶ ቆርቆሮ ከሆነ አለቀ። ጥርት ባለ ሌሊት ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከውጭው አየር እንኳ በታች ይቀዘቅዛል። ዝናብ ሳይዘንብ ጠዋት ከጣሪያ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ አይታችሁ ከሆነ፣ ሁልጊዜ ቀዳዳ አይደለም። ሌሊቱን የተነፈስነው እርጥብ አየር ነው፤ ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ 2,000 ዋት መለኮስ በተቀደደ ከረጢት ጤፍ መሸከም ነው።

ስለዚህ የእማዬን መኝታ ቤት ብቻ ያዝን። ሦስት ተኩል በአራት ሜትር ገደማ ናት። አቡጀዲው ወረደ፣ አብሮት የወረደውን አቧራና የአይጥ ጎጆ አልነግራችሁም። ከዚያ የጣሪያው ሚስማር ቀዳዳዎች ተደፈኑ፤ ይኼ የግድ ነው፣ ምክንያቱም ከላይ የሚገባው ነገር ውሃ ከጠጣ ጥቅም የለውም። ቀጥሎ ቺፑድ ተመታ፤ ከቺፑዱ በላይ መርካቶ «ግላስ ዉል» እያሉ በጥቅል የሚሸጡት ጥጥ መሳይ ነገር ተነጠፈ። ፎም ይሻላል፣ ይረክሳል ያሉኝ ነበሩ። ፎም ግን እሳት ሲያገኘው ይነዳል፣ ጭሱም መርዝ ነው። እኛ ቤት ጣሪያ ሥር ደግሞ የተዝረከረከው የመብራት ሽቦ አሮጌ ነው። ግላስ ዉል አይነድም። ያሳክካል ግን፣ በጣም ያሳክካል! ጓንትና ማስክ፣ እጅጌው ረጅም ልብስ ሳታዘጋጁ አትንኩት።

መስኮቶቹ ቀላል ነበሩ። መስታወቱ ዙሪያ ሲሊኮን፣ ክፈፉ ላይ የሚለጠፍ ጎማ፣ ወፍራም መጋረጃ፣ በሩ ሥር የተጠቀለለ ጨርቅ። በቃ።

እዚህ ላይ ስለ ከሰል አንድ ነገር ልበል። እማዬ እስከ አምና ድረስ ማንደጃ አስገብታ ነበር የምትሞቀው፤ «ጠርቶ ፍም ከሆነ አይጎዳም» ትላለች፣ ብዙ ሰውም እንዲሁ ይላል። ይጎዳል። የሚገድለው ጭሱ አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው፣ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ከጠራው ፍምም ይወጣል። ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ሰውየው ራሴን አመመኝ ብሎ ይተኛል፣ አይነሳም። ድሮ ቤቱ ወንፊት ስለነበረ ነው የተረፍነው። ክፍሉን ከደፈንን በኋላ ማንደጃ እዚያ እንዳይገባ ተከልክሏል። ቡናው ሳሎን ይፈላል፣ በር ተከፍቶ። እማዬ ለተወሰነ ጊዜ አኩርፋ ነበር።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው ሥርዓት ከተቀየረ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል። አዲሱ ሂተር ከወር ደሞዜ በላይ ነበር። ያገለገለውን ከአገር ከሚወጣ ሰው በግማሽ ዋጋ አካባቢ አገኘሁት። ማርካ ላይ ብዙ አትጨነቁ፤ አሠራራቸው አንድ ነው። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ግን እነዚህን ሳታዩ ብር አትቁጠሩ። ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ከአሜሪካ የመጣ ባለ 110 ወይም 120 ቮልት ከሆነ ለኛ ኮረንቲ አይሆንም። ክንፎቹ የተበየዱበትን መስመር በነጭ ሶፍት ጥረጉት፤ ዘይት ከነካው ተዉት። የሶኬቱ እግሮች ጠቁረው ወይም ዙሪያቸው ፕላስቲኩ ቀልጦ ከሆነ ዕቃው ተጎድቷል ማለት ነው። ከዚያ ሰክታችሁ ቁጭ በሉ። ሻጩ ቢቸኩልም ቁጭ በሉ፤ ሁሉም ክንፍ መሞቁን በእጃችሁ ዳስሱ፣ ማብሪያውን ወደ ታች ስትመልሱት ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ሙቀቱ ሲበቃ ኮረንቲውን የሚቆርጠው፣ ጠቅ ብሎ መዝጋቱን ስሙ።

ሌላ ደግሞ፣ «ይኼኛው ኮረንቲ አይበላም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሳቁበት። አየር የሚነፋውም፣ በቀይ ብርሃን የሚያበራውም፣ የዘይቱም፣ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ከበሉ የሚሰጡት የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ሙቀት ነው። ልዩነቱ አሰጣጡ ላይ ነው። የሚነፋው ወዲያው ያሞቃል፣ ሲጠፋ ወዲያው ይበርዳል፣ ይጮሃልም። የሚያበራው ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ብቻ ይጠብሳል። የዘይቱ ቀርፋፋ ነው፤ ክፍሉ ሙቀቱ እስኪሰማው ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ግን ድምፅ የለውም፣ ብርሃን የለውም፣ መብራት ሲጠፋም ዘይቱ ሙቀቱን ለጥቂት ጊዜ ይዞ ይቆያል። መብራት እንደኛ ሰፈር ለሚጠፋበት ሰው ይኼ ትልቅ ነገር ነው።

ጉዳቱም ሲታሰብ ቀላል አይደለም። እንጀራ ምጣድ ብቻውን 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል፤ ሂተሩን በሙሉ ኃይሉ ጨምሩበት፣ ብሬከሩ ይወርዳል። ስለዚህ እኛ ቤት ምጣድ ከተጣደ ሂተር የለም። ሌላው ሶኬቱ ነው። አንድ ሱቅ «ይችላል፣ አትስጋ» ብሎ የሸጠልኝ ዲቫይደር በመጀመሪያው ሳምንት ሸተተ፣ ስነቅለው አንዱ ቀዳዳ ቀልጧል። ሂተር በዲቫይደር አይሰካም። ኤሌክትሪሺያን ጠርቼ ከብሬከሩ በቀጥታ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ተስቦ ለብቻው ሶኬት ተሠራለት። አሁን በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ሶኬቱን ስነካው ለብ ይላል እንጂ አይፋጅም።

ማታ ማታ ሂተሩ ሲሰንፍ ደግሞ ዕቃው ተበላሽቶ እንዳይመስላችሁ። የፍሪጁ ስታብላይዘር ላይ የሚመጣው ኃይል 180 ብሎ የሚያሳይበት ምሽት አለ። ቮልቱ ሲወርድ የሂተሩ ጉልበት ከቮልቱም በባሰ ይወርዳል፤ በ220 ቮልት 2,000 ዋት የሚሰጥ ሂተር በ180 ቮልት የሚሰጠው 1,340 ዋት አካባቢ ነው። ለዚህ ነው ትልቁን ግዙ የምለው፣ ሙሉ ኃይሉን ሁልጊዜ ባትጠቀሙም።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ወጪው ነው። ብሩን አልጽፍም፤ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ውሸት ይሆናል። ኪሎ ዋት ሰዓቱን ልንገራችሁ፣ በራሳችሁ ታሪፍ አባዙት። ካርድ ቆጣሪ ስላለን ማታና ጠዋት እያየሁ የፍሪጁን ቀንሼ አስልቼዋለሁ። በ1,000 ዋቱ ማብሪያ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ይበራል፣ ቴርሞስታቱ መሃል ላይ ነው፤ እማዬ ሌሊት ለሽንት ስትነሳ ታጠፋዋለች። በብርዱ ወራት በአንድ ሌሊት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል፤ በወር ከ120 እስከ 150 መሆኑ ነው። ቀላል አይደለም። የወሩ ፍጆታ ከፍ ሲል የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ወዳለው እርከን እንደሚገባ አትርሱ፤ በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ የሚጠቀም ሰውና እናንተ አንድ ዋጋ አትከፍሉም።

ምን አገኘን? ግድግዳው ላይ ትንሽ ቴርሞሜትር ሰቅያለሁ። አምና በታኅሣሥ ሊነጋ ሲል 10 እና 11 ዲግሪ ነበር የሚያሳየው። ኮርኒሱና መስኮቱ ከተሠሩ በኋላ፣ ሂተር ሳይበራ፣ 13 እና 14 ላይ ይቆማል። ሂተሩ ሲበራ ማታ 18 እና 19 ይገባል፣ ከጠፋ በኋላም እስኪነጋ ከ15 አይወርድም። ልብ በሉ፣ ከዚህ ውስጥ ሦስቱን ዲግሪ ያለ ምንም ካርድ ነው ያገኘነው። እህቴ ዝም ብላለች።

በክረምት ያስደሰተኝ ግን ሌላ ነው፤ ሻጋታው። አልጋው ጀርባ ያለው ጥግ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሁሌ ይጠቁር ነበር፣ ጋቢው ሳይቀር ይሸት ነበር። ዘንድሮ የለም። ግድግዳው ሲሞቅ እርጥበቱ እዚያ ላይ አይቀመጥም። ልብስም ከአጠገቡ በማስጫ ላይ ይደርቃል፤ ላዩ ላይ ግን በፍጹም አይሰጣም፣ ከተሸፈነ ከመጠን በላይ ይግላል።

የማልወዳቸው ነገሮችም አሉ። ሲሞቅና ሲበርድ ብረቱ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፤ እማዬ ለምዳዋለች፣ እንቅልፉ ቀላል የሆነ ሰው ግን ይናደድበታል። ማብሪያው ላይ ያለው ቁጥር ከ1 እስከ 6 ነው፣ ዲግሪ አይናገርም፤ ያለ ቴርሞሜትር ግምት ነው። ክብደቱም አያድርስ። ጎማ አለው ይባላል እንጂ በእኛ ደፍ ላይ አያልፍም፣ ተሸክመህ ነው።

«ጋዙስ?» ለምትሉኝ፣ አስቤው ነበር። ቡታ ጋዝ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ብርድ በመጣ ቁጥር ሲሊንደር ይዤ መዞር አልፈለግሁም። በዚያ ላይ አንዳንዱ የጋዝ ማሞቂያ ኦክስጅን ሲያንስ ራሱን የሚያጠፋ መሣሪያ አለው፤ እንደኛ ባለ ከፍታ አየሩ ራሱ ስስ ስለሆነ በሰላም ቀን ሊጠፋባችሁ ይችላል። የሚያሞቀው ኤሲ ደግሞ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት የሦስት ያህል ሙቀት ሊሰጥ ስለሚችል በወጪ ማንም አይደርስበትም። ግን መግዣው ሌላ ነው፣ የሚገጥመው ባለሙያ ሌላ ነው፣ የሚንቀጠቀጥ ማሽን ጭቃ ግድግዳ ላይ መስቀሉም አላማረኝም። ብሎኬት ቤት ያለው፣ አቅሙም የፈቀደለት ሰው ቢያስብበት ጥሩ ነው።

ጎረቤታችን እትዬ መጥተው ሲያዩት መጀመሪያ የጠየቁት «ዘይቱን በስንት ጊዜ ነው የምትሞሉት?» ነው። ዘይት በዚህ ዋጋ! አይሞላም፣ አይቀየርም፣ አይነድም፤ ተዘግቶ የሚመጣ ነው፣ ሥራው ሙቀት መያዝ ብቻ ነው። ከሰሙ በኋላ እሳቸውም ልግዛ ብለዋል። የእሳቸው ቤት ግን ከእኛም የባሰ አቡጀዲ ነው፤ አናጺውን አገናኝቻቸዋለሁ።

የእኛ ሳሎን አሁንም እንደ ድሮው ይበርዳል። ቀጣዩ ዕጣ ሲወጣ እሱንም ኮርኒስ አስመታለሁ። ሁለተኛ ሂተር አልገዛም፤ ቆጣሪው አይችልም፣ እኔም አልችልም።