ለወጥ ቤት እብነ በረድ ወይስ ግራናይት? ሎሚ ይዛችሁ ሂዱ

ቤት የሚያድስ ጓደኛ ሁሉ ይደውልልኛል። «የወጥ ቤቱን ካውንተር ማርብል (እብነ በረድ) ላድርገው ወይስ ግራናይት?» ለወጥ ቤት ግራናይት፣ በቃ። ይሄን የተማርኩት ከስሬ ነው።

የኔ ካውንተር ነጭ የቤንሻንጉል እብነ በረድ ነው። ሲያዩት ልብ ይሰርቃል፣ ዛሬም አልክድም። ከግራናይቱ በካሬ 900 ብር ሲቀንስልኝ ደግሞ ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። 3 ሜትር በ60 ሳንቲ 1.8 ካሬ ነው፣ 1,620 ብር አተረፍኩ። ከዚያ የፋሲካ ዋዜማ መጣ። ዶሮው በሎሚና በጨው ሲታጠብ አመሸና የተጨመቁት ሎሚዎች እዚያው ተደፍተው አደሩ። ጠዋት ሳነሳቸው ከስራቸው ድብዝዝ ያሉ ክቦች ቀሩ። በሳሙና ብፈትግ ብፈትግ ወይ ፍንክች። ለካ ቆሻሻ አይደለም! እብነ በረድ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ የሎሚው አሲድ የሚያብረቀርቀውን ፊቱን በልቶታል። እንደገና የሚያለሰልስ ባለሙያ 6 ሺህ ብር ጠየቀኝ። 1,620ዋን ከዚህ ላይ ቀንሱልኝ እስቲ።

ሻጩ «ሲለር ተቀብቷል፣ ምንም አይነካውም» ብሎኝ ነበር። ሲለር የሚሉት መከላከያ ቅብ ዘይትና እርድ ወደ ውስጥ እንዳይሰርግ ያዘገያል እንጂ ሎሚና ኮምጣጤን አይመክትም።

ግራናይት ሎሚም ቢላም አይበግረውም። ማጭበርበሩ ግን እዚያም አለ። እህቴ ጥቁር ግራናይት በርካሽ አገኘሁ ብላ ገዛች፣ ብዙም ሳይቆይ ሲንኩ አካባቢ ግራጫ ሆነ። ቀለም የተቀባ ነበር። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን በነጭ ጨርቅ አድርጋችሁ እሹት፣ ጨርቁ ከጠቆረ ጥላችሁ ውጡ። እብነ በረዱን ግራናይት ብሎ የሚሸጥም አይጠፋም። ቁራጭ ለምኑና ለስላሳው ፊት ላይ ሎሚ ጠብ አድርጋችሁ ሩብ ሰዓት ጠብቁ፤ ከደበዘዘ ግራናይት አይደለም። የተቆረጠውን ጎኑንም እዩ፦ የላዩ መስመር በጎኑ ካልወረደ የታተመበት ሴራሚክ ሊሆን ይችላል።

ዋጋ ስትጠይቁ «በካሬ ስንት?» ብላችሁ አታቁሙ። ጠርዝ ማለስለሻ፣ ለሲንክ መቁረጫ፣ መኪና፣ የእጅ፤ ሁሉንም ደምሩና አንድ ቁጥር አስጽፉ። ሙሉውን ድንጋይ ካስከፈሏችሁ ትርፍራፊው የናንተ ነው፣ ይዛችሁት ሂዱ፣ የመስኮት ደፍ ይወጣዋል።

እብነ በረድ ካላደረግኩ ሞቼ እገኛለሁ የምትሉ ሳሎን ላይ አድርጉት። በውሃና በፈሳሽ ሳሙና አጽዱት፣ አድርቁት። አሲድ ያለበት የሽንት ቤት ማጽጃ አጠገቡ አይድረስ። አንዳንዴ ውሃ ጠብ አድርጋችሁ ጠብቁ፣ ቦታው ከጠቆረ ሲለሩ አልቋል ማለት ነው። ቅቤ ከፈሰሰበት ቤኪንግ ሶዳ በውሃ ለውሳችሁ ለጥፉበት፣ በፌስታል ሸፍናችሁ አሳድሩት።

የኔዎቹ ክቦች አሁንም አሉ። ስድስት ሺውን አልከፈልኩም፣ ረከቦቱን አስቀመጥኩባቸው። አንዷ ግን በጎን ትታያለች።