የአንድ የሕክምና ትምህርት ቤት የዜና መልእክት ሲገመገም
አንድ የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤት የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የሚያሰራጨው የዜና መልእክት ዋና ብርታቱ ውሳኔዎችን ከነምክንያታቸው ማቅረቡ ነው። የአገሪቱ የሐኪሞች የሙያ ፈቃድ ፈተና የመጀመሪያ ደረጃ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2022 በነጥብ መገለጹ ቀርቶ «አልፏል» ወይም «ወድቋል» ብቻ እንዲባል ሲደረግ፣ መልእክቱ ለውጡን ከማሳወቅ አልፎ ለስፔሻሊቲ ሥልጠና በሚደረገው ምርጫ የሁለተኛው ደረጃ ነጥብና የሆስፒታል ልምምድ ምዘና የበለጠ ክብደት ሊያገኙ እንደሚችሉ አብራርቷል። ለመምህራን የሚሰጡ ሥልጠናዎችንም አስቀድሞ ያሳውቃል። የሽልማት ዜናውና ፎቶግራፉ ግን (ለተሸላሚዎቹ ደስ ቢያሰኝም) ከልክ በላይ በዝቷል፤ የልምምድ ምደባ ለውጥን የመሰለ አስቸኳይ ጉዳይ ከዚያ ሁሉ በኋላ በአንድ መስመር ብቻ ስለሚጠቀስ፣ እስከ መጨረሻው ያላነበበ ተማሪ ሳያውቀው ሊያልፍ ይችላል።