ቶዮታ ቢዚ4ኤክስን 11 ወራት ነድቼ፦ የጎማው ሪኮልና የቡሎኖቹ ጉዳይ

ይህንን መኪና ያገለገለ ሆኖ የገዛሁት ባለፈው ዓመት ማርች ወር ላይ፣ በምኖርበት በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የ2023 ሞዴል፣ በፊት ጎማዎቹ ብቻ የሚጎተት፣ ባለ 18 ኢንች ቸርኬ ቢዚ4ኤክስ ሲሆን፣ ስረከበው 21,000 ማይል ገደማ ተነድቶ ነበር፤ ዛሬ ቆጣሪው 34,600 ማይልን አልፏል። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ ከባትሪው ይጀምራል። እኔ ግን ከጎማው እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም መኪናውን ልገዛ መሆኑን ስናገር አዲስ አበባ የሚኖረው የባለቤቴ ወንድም ስለ ባትሪው አንድም ቃል ሳያነሳ፣ «ጋሼ፣ ያ ጎማው ይወልቃል የተባለው መኪና አይደለም እንዴ?» ሲል ነበር የጠየቀኝ። ባለቤቴም አጠገቤ ሆና ትሰማ ስለነበር፣ ለዚህ ጥያቄ እርግጠኛ መልስ ሳላመጣ ልጆቿን በዚያ መኪና እንደማታሳፍር በዚያው ምሽት ነገረችኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር፤ እኔም መልሱን ለማግኘት ከመግዛቴ በፊት ሦስት ሳምንት፣ ከገዛሁ በኋላ ደግሞ እነዚህን ወራት ሁሉ ወስዶብኛል።

የነገሩ መነሻ ይህ ነው። መኪናው ለገበያ ከቀረበ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው፣ ጁን 23 ቀን 2022፣ ቶዮታ በዓለም ዙሪያ 2,700 ያህል ቢዚ4ኤክሶችን ለጥገና መልሶ ጠራ (ሪኮል የሚባለው ይህ ነው)። ከእነዚህ ውስጥ 2,200 ያህሉ ለአውሮፓ፣ 260 ያህሉ ለአሜሪካ፣ 110 ያህሉ ለጃፓን የተመደቡ ነበሩ። ምክንያቱም ጎማውን የሚያስሩት ቡሎኖች መኪናው ገና ጥቂት እንደተነዳ ሊላሉ፣ በመጨረሻም ጎማው በጉዞ ላይ ሳለ ከመኪናው ሊለይ መቻሉ ነበር። የጃፓን የትራንስፖርት ሚኒስቴር በበኩሉ በኃይል መጠምዘዝና ድንገተኛ ፍሬን ቡሎኖቹን ሊያላሉ እንደሚችሉ ገልጾ፣ በዚህ ጉድለት ሳቢያ የደረሰ አደጋ ግን እንደማያውቅ አስታውቋል። የዚህ መኪና መንትያ የሆነውን ሶልቴራን የሚሸጠው ሱባሩም በዚያው ሰሞን የራሱን መኪኖች ጠራ።

ብዙ ሪኮሎች ባለቤቱን «ሲመችዎ መኪናዎን ይዘው ይምጡ» የሚሉ ናቸው። ይህኛው እንደዚያ አልነበረም። ኩባንያው የመላላቱን ምክንያትም ሆነ ጉድለቱ በምን ዓይነት አነዳድ እንደሚከሰት ገና እያጣራ መሆኑን ገልጾ፣ መፍትሔው እስኪሠራላቸው ድረስ ማንም ሰው እነዚህን መኪኖች እንዳይነዳ አሳሰበ። አዲስ መኪና ገዝቶ፣ ቁልፉን ተቀብሎ፣ በሳምንታት ውስጥ «አትንዳው» የተባለ ሰው የሚሰማውን መገመት አያዳግትም፤ ጥበቃውም እስከ ኦክቶበር 2022 ዘልቋል። በአሜሪካ ለነበሩት ባለቤቶች ተለዋጭ መኪና ያለ ክፍያ፣ የነዳጅ ወጪ ተመላሽ፣ 5,000 ዶላር ማካካሻና የተራዘመ ዋስትና ቀርቦላቸዋል፤ ይህን ላልፈለገ ደግሞ ኩባንያው መኪናውን መልሶ ሊገዛው ተስማምቶ ነበር። እኔ በዚህ ላይ ያለኝ አስተያየት ግልጽ ነው። ቡሎን ማሰር መኪና መሥራት ከተጀመረ ጀምሮ ያለ ሥራ ስለሆነ፣ በዚያ ላይ መሳሳት ለእንዲህ ያለ ትልቅ አምራች ከባድ ጉድለት ነው። ነገር ግን ምክንያቱን ሳያውቁ «ቀስ ብላችሁ ንዱ» ከማለት ይልቅ «አትንዱ» ማለታቸው ሰውን ያስቀደመ ውሳኔ ነበር፤ እኔም መኪናውን እንድገዛ ካደረጉኝ ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

በመጨረሻ የተገኘው መፍትሔ ሮንዴላ (ከቡሎኑ ራስ ሥር የሚገባ የብረት ቀለበት) ያላቸው አዲስ ቡሎኖችን መግጠምን ያካተተ ነበር። አንዲት ሮንዴላ ይህን ያህል ለውጥ እንዴት ታመጣለች ብሎ መጠየቅ ተፈጥሯዊ ስለሆነ፣ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ግድ ይለኛል። እኛ የለመድናቸው የቀድሞዎቹ ቶዮታዎች ከሞዞው (ቸርኬው ከሚታሰርበት የሚሽከረከር ብረት) ላይ ተተክሎ የወጣ ቡሎን ነበራቸው፤ ቸርኬው በዚያ ላይ ይሰካና በዳዶ ይታሰራል። ቢዚ4ኤክስ ግን የአውሮፓ መኪኖችን መንገድ ተከትሎ፣ ቡሎኑ ራሱ በቸርኬው ቀዳዳ አልፎ ሞዞው ውስጥ ይጠመዘዛል። በሁለቱም አሠራር ጎማውን የሚይዘው የቡሎኑ ጥንካሬ ብቻ አይደለም። ቡሎን ሲጠብቅ እንደ ስፕሪንግ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ተመልሶ ለመሰብሰብ ሲታገል ቸርኬውን ከሞዞው ጋር አጣብቆ ይይዘዋል፤ በሁለቱ የብረት ፊቶች መካከል የሚፈጠረው ፍትጊያ ነው ጎማው እንዳይንሸራተት የሚያደርገው። ስለዚህ የቡሎኑ ራስ የሚያርፍበት ቦታ በሚገባ ካልተስተካከለ፣ ወይም በመካከል ቀለም፣ ዝገትና አፈር ካለ፣ ቁልፉ «ጠብቋል» ብሎ ቢመሰክርም ያ የተለጠጠው ኃይል ጥቂት ማይል ከተነዳ በኋላ ይረግባል። ከዚያ በኋላ ቸርኬው በየጥምዝዙ በጥቂቱ ይንሸራተታል፤ እያንዳንዷ መንሸራተት ደግሞ ቡሎኑን በመጠኑ ትፈታዋለች። መኪናው ከ1,900 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን መሆኑና የኤሌክትሪክ ሞተር ጉልበቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ መስጠቱ ሲታሰብ፣ ይህ ግንኙነት ምን ያህል ንጹሕና እኩል መሆን እንዳለበት ይገባል።

ወደ ግዢው ልመለስ። በመጀመሪያ ያደረግሁት 17 ፊደላትና ቁጥሮች ያሉትን የሻንሲ ቁጥር በአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር መፈለጊያ ላይ ማስገባት ነበር፤ አገልግሎቱ ነፃ ነው። መልሱ «ያልተሠራ ሪኮል የለም» የሚል ነበር። ይህ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው፤ መፈለጊያው የሚያሳየው ያልተጠገነውን ብቻ ስለሆነ፣ መኪናው ተጠርቶ ተጠግኖ ይሁን ወይም ከመጀመሪያውም አልተጠራ ይሁን አይነግርም። ስለዚህ በሾፌሩ በር መቃን ላይ የተለጠፈውን የምርት ወርና ዓመት አየሁ፤ መኪናዬ ከጥሪው በኋላ የተመረተ ሆኖ ተገኘ። በዚህም አልበቃኝም፤ የሻንሲ ቁጥሩን ይዤ ወደ አንድ የቶዮታ ሻጭ ሄጄ የአገልግሎት ታሪኩን አስወጣሁ። ያገለገለ መኪና የሚገዙ ወገኖቼ አንድ ነገር እንዲያውቁ እፈልጋለሁ፤ በዚህ አገር 35 እና ከዚያ በላይ መኪና ያላቸው አከራዮች ያልተጠገነ ሪኮል ያለበትን መኪና እንዳያከራዩ የፌዴራል ሕግ ይከለክላቸዋል፤ ያገለገለ መኪና ሻጭን ግን እንዲህ ያለ የፌዴራል ክልከላ አይዘውም። ማጣራቱ የገዢው ሥራ ነው። ጥገናው ግን መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሸጠ እስከ 15 ዓመት ድረስ ያለ ክፍያ ነው፤ ባለቤቱ ስንተኛ እንደሆነ አይጠየቅም።

እንግዲህ መኪናዬ የጥሪው አካል እንዳልነበረ ካረጋገጥኩ በኋላ፣ የጎማው ነገር እዚያው አበቃ ብዬ ነበር። የተማርኩት ግን ከዚያ በኋላ ነው።

ሴፕቴምበር ላይ፣ የጎማዎቹን ቦታ ለማቀያየር ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ጎማ ቤት ሄድኩ። ሠራተኛው ቡሎኖቹን በአየር በሚሠራው መፍቻ ፈትቶ፣ በዚያው መሣሪያ መልሶ አሰራቸው፤ ከዚያ በኋላ በቁልፍ ሲለካ አላየሁም፤ ቸኩዬ ስለነበር እኔም አልጠየቅሁም። ባለቤቴ ግን «ሳትለካው አንሄድም» ስላለች፣ 60 ማይል ያህል ከነዳሁ በኋላ ቅዳሜ ጠዋት ቶርክ ሬንቼን (የተወሰነለት የማጥበቂያ ኃይል ላይ ሲደርስ «ጠቅ» የሚል ቁልፍ ነው) አውጥቼ አራቱንም ጎማዎች ፈተሽኩ። በቀኝ የኋላ ጎማ ላይ ካሉት አምስት ቡሎኖች ሁለቱ ቁልፉ «ጠቅ» ከማለቱ በፊት ሩብ ዙር ያህል ዞሩ። ልቤ እንደ ደነገጠ አስታውሳለሁ። በፊት ጎማ ላይ ያሉት ደግሞ በተቃራኒው ከልክ በላይ ጠብቀው ስለነበር፣ ለመፍታት የቧንቧ ማስረዘሚያ አስፈለገኝ። መኪናው ከፋብሪካው ያለ እንከን መውጣቱ ምንም አልጠቀመም፤ አደጋው የተፈጠረው አንድ ከሰዓት በኋላ በአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ወደ ጎማ ቤቱ ተመልሼ ሁኔታውን ሳስረዳ ኃላፊው ሳይከራከር በእጅ መልሶ አሠራው፤ እኔም ቆሜ አየሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎማ በተፈታ ቁጥር የማደርገው አልተለወጠም። የሞዞውንና የቸርኬውን ፊት በብረት ብሩሽ አጸዳለሁ፤ ጥርሱ ላይ ግሪስም ሆነ ዘይት አልቀባም፤ ምክንያቱም ቅባት ያለው ቡሎን በተመሳሳይ ቁጥር ከተፈለገው በላይ ይለጠጣል። አምስቱንም በእጅ ካስያዝኩ በኋላ ጎን ለጎን ሳይሆን ተሻጋሪ በሆነ የኮከብ ቅርጽ በሁለት ዙር አጠብቃለሁ፤ የመጨረሻው ዙር ጎማው መሬት ከነካ በኋላ ነው። የሚያስፈልገው የኃይል ቁጥር በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ስላለ እዚህ አልጽፈውም፤ ማንም ሰው ይህንን ቁጥር ከሌላ ሰው አፍ እንዲወስድ አልመክርም። ከ50 እስከ 100 ማይል ባለው ርቀት ውስጥ እንደገና እለካለሁ። ቶርክ ሬንች «ጠቅ» ማለቱ ቡሎኑ ቢያንስ ያን ያህል መጥበቁን እንጂ ከልክ በላይ አለመጥበቁን እንደማይናገር ደግሞ ልብ ይበሉ፤ የአየር መፍቻ የነካው ከሆነ ፈትቶ መልሶ ማሰር ብቻ ነው ያለው አማራጭ። ቡሎን ብቻ ባለው መኪና ቸርኬውን ከቀዳዳው ጋር ማገናኘት አንድ ሰው ላይ ይከብዳል፤ እኔ በዚህ ሥራ ልጄን አግዢኝ እላታለሁ።

ምልክቶቹን መለየትም በጊዜ ብዛት ለመድኩት። ዲሴምበር ላይ በሰዓት 55 ማይል አካባቢ ስነዳ መሪው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ወዲያው ወደ ዳር ወጥቼ ቡሎኖቹን አየሁ፤ ሁሉም በቦታቸው ነበሩ፤ ነገሩ ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ የወደቀ የባላንስ እርሳስ (ጎማው ሚዛኑን ጠብቆ እንዲዞር ቸርኬው ላይ የሚደረግ) ሆኖ ተገኘ። የባላንስ መንቀጥቀጥ በአንድ የፍጥነት ክልል መጥቶ ሲያልፍ ይጠፋል። የላላ ጎማ ግን በዝግታ ሲጠመዘዝም ያንኳኳል፤ ድምፁ ቀን በቀን ይጨምራል፤ በቡሎኑ ቀዳዳ ዙሪያም የተፋቀ አንጸባራቂ ቀለበት ወይም የዝገት ፈሳሽ ይታያል። ይህን ያየ ሰው ወደ ጋራዥ እየነዳ መሄድ የለበትም፤ እዚያው ቆሞ ይለካ ወይም በጭነት ያስወስድ። መኪናው ስኮርታ ጎማ እንደሌለውም አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

ስለ ቀረው በአጭሩ ልናገር። በበጋ ከተገለጸው 252 ማይል ጋር የሚቀራረብ ርቀት አገኛለሁ፤ በጃንዋሪ ብርድ ግን ወደ 170 ወርዶብኛል፤ በውጭ የፈጣን ቻርጅ ጣቢያዎችም በብርድ ጊዜ ቻርጁ በጣም ይዘገያል። ቤት ውስጥ ሌሊት ለሚሞላ ሰው ይህ አያስቸግርም። ጸጥታውና የወንበሩ ምቾት አስደስተውኛል፤ የቨርጂኒያን ዓመታዊ የደኅንነት ምርመራም ያለ አንዳች ችግር አልፏል።

በጣም የሚያሳስበኝ የአዲስ አበባው ነው። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ፣ ቻይና የተመረተው ቢዚ4ኤክስ በከተማው መንገድ ላይ የተለመደ ሆኗል፤ የባለቤቴ ወንድምም ያን ጥያቄ ከጠየቀኝ ከስድስት ወር በኋላ ራሱ አንድ ገዛ። ብዙዎቹ በግል አስመጪዎች የገቡ ስለሆኑ፣ አምራቹ ወደፊት ሪኮል ቢያወጣ ደብዳቤው የሚላክበት አድራሻ የለም። የአሜሪካው መፈለጊያም ለአሜሪካ ገበያ ያልተሠራን መኪና አያውቅም፤ ቻይና የራሷ ተቆጣጣሪ አላትና ጥሪው የሚወጣው እዚያ፣ በቻይንኛ ነው። ስለዚህ ሪኮል የለም ማለትና ሪኮሉ አልደረሰኝም ማለት እዚያ ከአንድ ሰው አፍ ሲወጡ አይለያዩም። አስመጪዎች የሸጡትን መኪና የሻንሲ ቁጥርና የገዢውን ስልክ መዝግበው ቢይዙ፣ ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራም የጎማ ቡሎንን በቶርክ ሬንች መለካትን ቢጨምር፣ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ ብዙ ሰው ይጠበቅ ነበር። ጎሚስታዎቻችን በእጃቸው የሰለጠኑ ብርቱ ሰዎች ናቸው፤ ሆኖም በእግር ረግጦ ማጥበቅ ለአሮጌው ዳዶ ሠርቷል ተብሎ ለዚህ ቡሎን አይሠራም።

ባለፈው ወር አንድ ቶርክ ሬንች ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው ላክሁለት። ሰፈሩ ላለው ጎሚስታም አሳይቶት፣ ሁለቱ አብረው አራቱንም ጎማዎች ለክተው የቁጥሮቹን ፎቶ ልኮልኛል፤ ከሃያዎቹ ቡሎኖች ሦስቱ ከመመሪያው በታች ነበሩ። በዚህ ሳምንት ደግሞ የሊብሬውን ፎቶ እየጠበቅሁ ነው፤ የሻንሲ ቁጥሩን ይዤ ቻይንኛ የሚያነብ የሥራ ባልደረባዬ ዘንድ እሄዳለሁ።